ስለ ፀሐይና ፕላኔቶቿ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሰማይ ማውራት እንደምወድ የሚያውቅ ሁሉ ይጠይቀኛል። ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ አንዳንዴ ለቅሶ ቤት ጭምር። ጥያቄዎቹ ደግሞ ይመሳሰላሉ። አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣው ከአንድ ቦታ ይመስለኛል፦ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ስዕል። ፀሐይ በግራ በኩል፣ ፕላኔቶቹ እንደ ጨሌ በአንድ ክር ተሰክተው። ታስታውሱታላችሁ አይደል? ይህን ስታነቡ ያንን ስዕል ለጊዜው ከግድግዳው አውርዱት። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ፀሐይ የምትነደው በምንድን ነው? አታልቅም እንዴ?

ሲጀመር አትነድም። እሳት ኦክስጅን ይፈልጋል። ፀሐይ ግን በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ናት። ከሰል ብትሆን ኖሮ በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ አመድ ሆና ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት ይህን ሒሳብ ሠርተው ራሳቸውን ይዘዋል። ምክንያቱም መሬት ራሷ በዕድሜ ከዚያ በጣም እንደምትበልጥ ድንጋዮቹ ይናገሩ ነበር።

መልሱ የተገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይሞቃል። ከላይ ያለው ክብደት ደግሞ ወደ ውስጥ ይጨቁነዋል። በዚህ ሙቀትና ጭነት የሃይድሮጅን አተሞች እምብርቶች ተጋጭተው ይዋሃዱና ሂሊየም ይሆናሉ። በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሃይድሮጅን እንዲህ ይለወጣል። የሚወጣው ሂሊየም ግን ከገባው ሃይድሮጅን በ4 ሚሊዮን ቶን ያህል ያንሳል። የጎደለው የት ገባ? ብርሃንና ሙቀት ሆነ። ዛሬ ጠዋት ጀርባችሁን ያሞቃችሁ እሱ ነው።

ማለቁንስ ታልቃለች። ግን አትቸኩሉ። ዕድሜዋ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ገና 5 ቢሊዮን ያህል ይቀራታል። ወደ መጨረሻው ትልቅ ቀይ ኮከብ ሆና ታብጣለች። ሜርኩሪንና ቬነስን ትውጣቸዋለች። መሬት ትተርፋለች ወይ የሚለው ላይ አጥኚዎቹም አልተስማሙም። ብትተርፍም የምታስቀና አትሆንም።

ፕላኔቶቹ ስንት ናቸው? በእኛ ቋንቋ ስም የላቸውም?

8 ናቸው። ከፀሐይ ጀምሮ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ መሬት፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስ፣ ኔፕቲውን።

ስም አላቸው፤ እኛ ረስተነው ነው እንጂ። በድሮ የሐሳበ ከዋክብት መጻሕፍት ሜርኩሪ አጣርድ፣ ቬነስ ዝሁራ፣ ማርስ መሪሕ፣ ጁፒተር መሽተሪ፣ ሳተርን ዙሐል ይባላሉ። ስሞቹ ከአረብኛ የገቡ ናቸው፤ አጻጻፋቸውም ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። ዩራነስና ኔፕቲውን ግን የድሮ ስም የላቸውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ዩራነስ ፕላኔት መሆኑ የታወቀው በ1781፣ ኔፕቲውን የተገኘው በ1846 ነው፤ ሁለቱም በቴሌስኮፕ። የእኛም የግሪኮቹም የአረቦቹም ሊቃውንት ያዩት በዓይን የሚታየውን አምስቱን ብቻ ነበር።

እውነት እንደ ስዕሉ ተጠጋግተው ነው የሚገኙት?

በጭራሽ። ይህን ጥያቄ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ ወደ ማዕድ ቤት እወስደዋለሁ።

ፀሐይ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የእንጀራ ምጣድ ናት እንበል። ምጣዱን ይዘን መስቀል አደባባይ መሃል እናስቀምጠው። መሬት ስንት ታክላለች? አንዲት ድፍን ምስር። የምትቀመጠውም ከምጣዱ 65 ሜትር ያህል ርቃ ነው። ጨረቃስ? የጤፍ ፍሬ። ከምስሯ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ። የሰው ልጅ እግሩን ያሳረፈበት ሩቁ ቦታ እንግዲህ ይቺ ስንዝር ናት።

ጁፒተር መንደሪን ያክላል፤ 335 ሜትር ላይ ታገኙታላችሁ። ሳተርን ትንሽ አነስ ብሎ 620 ሜትር ላይ። ኔፕቲውን ልጆች የሚጫወቱባት ብይ ናት። እሷን ለማግኘት ወደ ሜክሲኮ አደባባይ መሄድ አለባችሁ፤ 2 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። በመሃሉ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። አንድ ምጣድ፣ ጥቂት ጥራጥሬ፣ ሁለት ሦስት ፍራፍሬ፣ ሌላው አየር እንኳ የሌለበት ባዶ።

ብርሃንስ? በዚህ መጠን ብርሃን በሰከንድ 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል። የኤሊ እርምጃ ማለት ነው። ከምጣዱ እስከ ምስሯ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ይህ ደግሞ እውነተኛው ጊዜ ነው። እስከ ኔፕቲውን 4 ሰዓት። ቀጣዩ ምጣድ፣ ማለትም ለፀሐይ ቅርብ የሆነው ሌላ ኮከብ፣ የት ነው ካላችሁ 17 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ። ከአዲስ አበባ ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄዳችሁም ገና መንገድ ይቀራችኋል።

ስዕሉን የሚስሉ ሰዎች ለምን እንደሚያጠጋጉት አሁን ገባችሁ። ወረቀት አይበቃማ።

ፕሉቶን ምን አጥፍቶ ነው ያባረሩት?

ምንም አላጠፋም። ዘመዶቹ በዙ።

ፕሉቶ በ1930 ሲገኝ ብቻውን ያለ ትልቅ ነገር መስሎ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ልኩ ታወቀ፤ ስፋቱ 2,377 ኪሎ ሜትር ነው። ከእኛ ጨረቃ ያንሳል። ከ1992 ጀምሮ ደግሞ በሱ አካባቢ ሌሎች በረዷማ አካላት በብዛት መገኘት ጀመሩ። በ2005 ኤሪስ የተባለችው ተገኘች፤ በስፋት ከፕሉቶ ጋር ትቀራረባለች፤ በክብደት ትበልጠዋለች። እንግዲህ ወይ ኤሪስንና ተከታዮቿን ፕላኔት ብሎ መቀበል ነው፣ ወይ መስፈርት ማውጣት። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ነሐሴ 2006 ፕራግ ላይ ተሰብስቦ መስፈርት አወጣ። በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር፣ በራሱ ስበት ክብ የሆነ፣ መንገዱንም ያጸዳ። ፕሉቶ በሦስተኛው ወደቀ፤ መንገዱን ከብዙዎች ጋር ይጋራልና። አሁን ድንክ ፕላኔት ይባላል።

ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገርም አይደለም። በ1801 የተገኘችው ሴሬስ ለአሥርት ዓመታት ፕላኔት ስትባል ቆይታ ተሰርዛለች። ለሷ ያለቀሰ ሰው ግን አልሰማሁም። የፕሉቶ ጉዳይ ያስቆጨን በልጅነታችን ስለሸመደድነው ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፕሉቶ ፀሐይን አንዴ ለመዞር 248 ዓመት ይወስድበታል። ከተገኘ ጀምሮ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ፕላኔት ተብሎ የተሾመውም የተሻረውም በዚያው አንድ ዓመቱ ውስጥ ነው።

ለፀሐይ የሚቀርበው ሜርኩሪ ሆኖ ሳለ እንዴት ቬነስ ትሞቃለች?

ብርድ ልብስ ስላላት። ሜርኩሪ የረባ ከባቢ አየር የለውም። ቀን 430 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊት ሙቀቱ ሁሉ ያመልጥና ከዜሮ በታች 180 ይወርዳል። ቬነስ ግን በወፍራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ተጀቡናለች። የገባው ሙቀት መውጫ የለውም። ቀንም ሌሊትም፣ ዋልታውም ወገቡም 465 ዲግሪ ገደማ ነው። እርሳስ ይቀልጣል። የአየሩ ክብደት ደግሞ ከእኛው ከ90 ጊዜ በላይ ነው። ሶቭየት ኅብረት በ1982 ያሳረፈችው ቬኔራ 13 እዚያ የሠራው 127 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ይህም እንደ ትልቅ ጀብዱ ይቆጠራል።

የሚገርመኝ ይህቺው ሲኦል የእኛ አጥቢያ ኮከብ መሆኗ ነው። ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ ፏ ብላ የምትታየው ቬነስ ናት። በሌላ ወራት ደግሞ ማታ በምዕራብ ትታያለች። ሁለት ኮከብ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ አንድ ናት። እንዲህ የምታበራውም ያው ብርድ ልብሷ የፀሐይን ብርሃን ስለሚመልስ ነው።

ክረምት የሚበርደን ከፀሐይ ስለምንርቅ ነው?

ይህን ብዙ የተማረ ሰው ሁሉ ይስተዋል። ነገሩን ይበልጥ የሚያጣምመው ደግሞ አጋጣሚው ነው። መሬት ከፀሐይ እጅግ የምትርቀው በእርግጥም በሰኔ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፤ 147 ሚሊዮን። ታዲያ አልገጠመም?

አልገጠመም። ልዩነቱ ከመቶ 3 ያህል ነው፤ ትንሽ ነው። እኛ ክረምት በምንልበት ጊዜ እኮ አውሮፓና አሜሪካ በጋቸው ነው፤ በሙቀት የሚንገበገቡት በዚያው ሐምሌ ነው። ወቅትን የሚያመጣው የመሬት ዘንበል ማለት ነው፤ 23.4 ዲግሪ። ሰሜኑ ወደ ፀሐይ ሲያጋድል ሰሜኑ ይሞቃል። በእኛ አገር ይህ ሙቀት የዝናቡን ቀበቶ ወደ ሰሜን ይስበዋል። ደመናው መጣ፤ ፀሐይን ሸፈናት፤ በረደን። ፀሐይ ርቃ ሳይሆን ከደመናው ጀርባ ሆና ነው።

እንዲያውም በክረምት አናታችን ላይ ነች ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ትክክል በአናት ትቆማለች፤ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 አካባቢ። የዚያን ቀን ቀጥ ያለ ዘንግ ብታቆሙ ጥላ የለውም። በሁለቱ ቀናት መካከል ደግሞ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታልፈናለች። የቀትር ጥላችሁ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በሌላው ጊዜ ወደ ሰሜን። ሞክሩት፤ ወጪ የለውም። ነሐሴ ላይ ግን ደመናው ከፈቀደ ነው።

ጨረቃ ለምን አንድ ፊቷን ብቻ ታሳየናለች?

በራሷ ዛቢያ የምትዞርበትና እኛን የምትዞርበት ጊዜ እኩል ስለሆነ። የመሬት ስበት በረጅም ዘመን አዟዟሯን አርግቦ እዚያ አደረሳት። ጀርባዋ ግን ጨለማ አይደለም፤ እዚያም ፀሐይ ይወጣል። በነገራችን ላይ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ትርቀናለች።

ማርስ ላይ ሰው ሄዷል?

ፌስቡክ ላይ ሄዷል። በእውነቱ ግን የሄዱት ማሽኖች ብቻ ናቸው። የሰው ልጅ የረገጠው ጨረቃን ነው፤ ከ1969 እስከ 1972 12 ሰዎች። ማርስ ለመድረስ ሰባት ወር ያህል ይፈጃል። ሲደርሱም አየሩ ከእኛው አንድ መቶኛ አይሞላም፤ ብርዱም በአማካይ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀይ የሆነው አፈሩ ዝጎ ነው። ብረት ሲዝግ እንደሚቀላው ማለት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሰማዩ ሰማያዊ ይሆናል፤ የእኛ ግልባጭ።

ማርስን ለመረዳት ተመራማሪዎች ዳሎል ድረስ ይመጣሉ። አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፣ ጨው፣ አሲድና የሚንተከተክ ውሃ በአንድ ላይ ያለበት ቦታ ነው። ጥያቄያቸው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሕይወት ይኖር እንደሆነ ነው። በ2019 አንዱ ቡድን ጥቃቅን ሕዋሳት አገኘሁ አለ። ሌላው በዚያው ዓመት በጣም አሲዳማና ጨዋማ የሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ምንም የለም አለ። ለማርስ ፈላጊዎች ሁለቱም መልስ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ሁለተኛው እውነት ከሆነ ደግሞ ውሃ ባለበት ሁሉ ሕይወት አለ ማለት እንደማይቻል ያሳያል።

ጁፒተር ላይ ማረፍ ይቻላል?

የሚታረፍበት መሬት የለውም። ጋዝ ነው፤ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር እየተጨቆነ ፈሳሽ ይሆናል። ሳተርንም እንደዚያው። ቀለበቶቹ ደግሞ ጠጣር ቀለበት አይደሉም፤ ከአቧራ እስከ ቤት የሚያካክሉ የበረዶ ስብርባሪዎች ናቸው። ጨረቃ በመቁጠር ሳተርንን የሚያህል የለም። በ2025 የታወቁት 274 ደርሰዋል።

ተወርዋሪ ኮከብ፣ ጅራታም ኮከብ፣ አስትሮይድ፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አስትሮይድ ድንጋይ ነው። ጅራታም ኮከብ ከአቧራ ጋር የተለወሰ በረዶ ነው፤ ወደ ፀሐይ ሲጠጋ ይተንና ጅራት ያወጣል። ሃሌይ የተባለው በ1986 መጥቶ ነበር፤ በ2061 ይመለሳል። ተወርዋሪ ኮከብ ግን ኮከብ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የአሸዋ ቅንጣት ነው። አያቴ ኮከብ ሲወረወር ካዩ «አንድ ሰው ሞተ» ይሉ ነበር። ምንም አልላቸውም ነበር። ስንት ቅንጣት በየቀኑ አየራችን ላይ እንደሚቃጠል ቢያውቁ እንቅልፍ ባልወሰዳቸው።

በደንብ ማየት ከፈለጋችሁ ታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት ከከተማ መብራት ራቁ። ጀሚኒድ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ ያኔ ነው። በጋ ስለሆነ ሰማዩ ጥርት ይላል። ፈረንጆቹ የሚያደንቁት ፐርሲድ ነሐሴ 6 እና 7 ላይ ስለሚውል ለእኛ አልሆነልንም። ጋቢ አትርሱ።

አስትሮይድ መጥቶ ይመታናል የሚባለው እውነት ነው?

ታሪኩ እውነት ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን አለት ዛሬ ሜክሲኮ በሚባለው አገር ወድቆ ዳይኖሰሮቹን ጨርሷል። (ሜክሲኮ አደባባይ አላልኩም።)

አሁን የሚወራው አፖፊስ ስለተባለው አስትሮይድ ነው። ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. በመሬት አጠገብ ያልፋል። አይመታንም። ለሚቀጥሉት 100 ዓመታት ቢያንስ እንደማይመታን ተሰልቷል። ግን በጣም ይቀርባል፤ 32 ሺህ ኪሎ ሜትር። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከሚንሳፈፉበት ዝቅ ብሎ ማለት ነው። ከአውሮፓ፣ ከአፍሪካና ከምዕራብ እስያ በባዶ ዓይን ይታያል ተብሎ ይጠበቃል። የዓለም መጨረሻ ነው እያለ ቪዲዮ የሚለቅ እንደማይጠፋ ከአሁኑ ልንገራችሁ። እሱን ትታችሁ ቀና በሉ።

የሚመጣ ካለስ ምን ይደረጋል? መስከረም 2022 ላይ ናሳ ዳርት የተባለች መንኮራኩር ሆን ብሎ ዲሞርፎስ ከተባለ ትንሽ አስትሮይድ ጋር አጋጭቷል። ዲሞርፎስ ትልቁን ጓደኛውን የሚዞርበት ጊዜ በግማሽ ሰዓት ያህል አጠረ። መግፋት እንደሚቻል ታየ።

ቀጣዩ የፀሐይ ግርዶሽ መቼ ነው? እንዴትስ ይታያል?

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የነበረውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ታይታለች። ጨረቃ የዚያን ዕለት ራቅ ብላ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ልትሸፍናት አልቻለችም፤ ዳር ዳሩ ተረፈ።

ከአገራችን የሚታየው ቀጣዩ የሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፤ ይህኛው ሙሉ ግርዶሽ። ከስፔንና ሞሮኮ ተነስቶ በሊቢያ፣ በግብፅ፣ በሳዑዲ፣ በየመን አድርጎ ሶማሊያን ነክቶ ይወጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ በከፊል ነው የሚታየው፤ እሱንም የክረምቱ ደመና ከለቀቀልን። ጅዳና መካ ያላችሁ ወገኖች ግን ታድላችኋል። ጅዳ ላይ ቀኑ 6 ደቂቃ ያህል ይጨልማል። ያን ቀን ፈቃድ ጠይቁ። ጽኑ ምክሬ ነው።

ዓይንን በሚመለከት ቀልድ የለም። የራጅ ፊልም፣ ተራ የፀሐይ መነጽር፣ ሲዲ፣ የጠቆረ ጠርሙስ፣ ሳፋ ውስጥ ውሃ፤ አንዳቸውም አይጠብቁም። ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ክፍል) ሲቃጠል ሕመም ስለሌለው ጉዳቱ የሚታወቀው በኋላ ነው። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ወይም ቁጥር 14 የብየዳ መስታወት ብቻ። ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው ደቂቃዎች ብቻ በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል፤ ጠርዟ ብልጭ እንዳለ መነጽሩ ይመለስ።

መነጽር ካላገኛችሁ ወንፊት አምጡ። ለፀሐይ ጀርባ ስጡና የወንፊቱን ጥላ መሬት ላይ እዩት። እያንዳንዱ ቀዳዳ የተገመሰች ትንሽ ፀሐይ ይስላል። የዛፍ ቅጠል ጥላም እንደዚያው ነው፤ ቅርንጫፍ ሥር በመቶ የሚቆጠሩ ማጭዶች ይፈስሳሉ። ለልጆች ከመነጽሩ ይልቅ ይሄ ይሻላል እላለሁ።

ቴሌስኮፕ ሳይኖረኝ ምን ማየት እችላለሁ?

አምስት ፕላኔት። ቬነስ በጣም ታበራለች፤ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ ጁፒተር ነው። ማርስ ቀላ ይላል። ሳተርን ገርጣ ያለ ቢጫ ነው። ሜርኩሪ ከፀሐይ ስለማይለይ አድብቶ መጠበቅ ይፈልጋል። ከኮከብ ለመለየት፦ ኮከብ ይርገበገባል፤ ፕላኔት አብዛኛውን ጊዜ ረጋ ብሎ ነው የሚያበራ።

ተራ ባለ ሁለት ዓይን አቅርቦ ማሳያ መነጽር (ባይናኩላር) ካላችሁ ደግሞ ክርናችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉና ጁፒተርን እዩ። ከጎኑ እስከ አራት የሚደርሱ ነጥቦች ተሰልፈው ታያላችሁ። ጋሊሊዮ ጥር 1610 ያያቸው ጨረቃዎች ናቸው። በነጋታው ቦታ ቀይረው ይጠብቋችኋል። ሁሉም ነገር መሬትን አይዞርም የሚለው ክርክር አቅም ያገኘው ከነዚህ ነጥቦች ነው። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ለመጀመር ግን ሰገነታችሁ ይበቃል።

በአማርኛ የተሰየመ ፕላኔት አለ?

በእኛ ሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ የለም። ከዚያ ውጪ ግን አለ! በ2019 የሥነ ፈለክ ኅብረቱ እያንዳንዱ አገር አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 በሚል ቁጥር ብቻ የሚታወቅ ኮከብ ነበር። አሁን ስሙ ቡና ነው። የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ አቦል።

አጋጣሚው ደስ ይላል፤ ኮከቡ ያለው አንድሮሜዳ በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

ፕላኔቱ ከጁፒተር የሚበልጥ የጋዝ ግዙፍ ስለሆነ ረከቦት የሚዘረጋበት መሬት የለውም። አጠገቡ ሌላ ቢገኝስ ምን ይባላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መቼም ቶና ነው።